የመጣልንን መጫወት

ቀለሟ ነገራ ሃያ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ያልተጻፈ ነገር በፒያኖ ተጫውታ አታውቅም። ያስተማረቻት የሚሲዮኑ ሐኪም ሚስት ናት፤ ሥርዓት የምታከብር፣ ጣት ሲስት በእርሳስ ጫፍ እጅ ነካ የምታደርግ ሴትዮ። አብዮቱ መጥቶ ፈረንጆቹ ከነቀምቴ ሲወጡ ሐኪሙና ሚስቱ የቤታቸውን ቁልፍ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አስረከቡ። ፒያኖውን፣ የሸክላ ማጫወቻውንና አምስት ሸክላዎችን እዚያው ትተው ሄዱ። ከአምስቱ አራቱ መዝሙር ናቸው። አምስተኛው ጃዝ ነው። መካከሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እርጥበት ስለበላው የዜማውን ስም የሚያውቅ የለም። ሴትዮዋ አንድ ቀን «ይሄ በእኛ አገር ሙዚቀኛ ሁሉ የሚያውቀው የድሮ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ግን ሁሉም በየራሱ ነው የሚጫወተው» ብላት ነበር። ቀለሟ በየራሱ መጫወት ማለት ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ስሙንም ስላላወቀችው «ሸክላው» ብላ ጠራችው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ቅዳሜም እስከ እኩለ ቀን፣ በግብርና መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ትመታለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ከዘበኛው ከኦቦ ባቻ ቁልፍ ተቀብላ ወደ ባዶው ቤት ትገባና የእሑዱን መዝሙር ትለማመዳለች። መዝሙሩ ሲያልቅ ሸክላውን ታስቀምጥና ትንሽ ሰምታ፣ አቁማ፣ የሰማችውን በጣቷ ትፈልጋለች። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ዜማውን ከነአጃቢው ለቅማ ጨረሰችው። አንድ ፊደል ሳይጣል እንደተገለበጠ ደብዳቤ ልቅም ያለ ነበር።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ውስጥ፣ እንዲሁ እየተጫወተች ሳለ፣ በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ አየች። ረጅም ነው፤ በብብቱ የጥሩምባ ሳጥን ይዟል።

«ገቢሳ ሞረዳ እባላለሁ። ከኪነት ቡድኑ ነው የመጣሁት። የዘፋኞቻችንን ድምፅ ለማስተካከል ፒያኖ ያስፈልገናል፤ ቄስ ነገራን አስፈቅጃለሁ።»

«አባቴ ናቸው። ግባ።»

ገባ እንጂ ሳጥኑን አልከፈተም። «ይሄን የምትጫወቺውን ከየት አመጣሽው?»

«ከሸክላ።»

«አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ፖሊስ ኦርኬስትራ ሳለሁ ከሥራ በኋላ እንጫወተው ነበር።» ፈገግ አለ። «እንደ መዝሙር ነው የያዝሽው።»

«እንዴት ልያዘው ታዲያ?»

«አንዴ በሥርዓቱ በይው። ከዚያ ልቀቂው።»

«ለቅቄው ወዴት ይሄዳል?»

«ወዴት እንደሚሄድ ብናውቅማ ምኑ ደስ ይላል?»

ገቢሳ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ያለችው የኡኬ ከተማ ልጅ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ጥሩምባ ተምሮ፣ አሥራ ሁለት ዓመት በፖሊስ ሙዚቃ ክፍል አገለገለ። አባቱ ሲሞት እናቱ አዴ በቀለች ብቻዋን መቅረቷ አንጀቱን ስለበላው ዝውውር ጠየቀና ወደ ክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ለሰልፍና ለስብሰባ ይነፋል፤ ተነሥ፣ ታጠቅ፣ ወደፊት። «አፌ ብረት ብረት አለኝ» ይል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀለሟ እንባዋ እስኪመጣ ተቸገረች። ገቢሳ «ግራ እጅሽ ቤቱ ነው፣ እሱ አይነቃነቅ፤ ቀኝ እጅሽ ይውጣ ይግባ» ይላታል። ቀኝ እጇ ግን ከደጃፍ አያልፍም። ሁለት እርምጃ ይወጣና ይደነግጣል፤ የት እንደነበረች ይጠፋትና ቀጥ ትላለች።

«ስትጠፊ አትቁሚ» አላት አንድ ቀን። «መንገድ የጠፋው ሰው ከቆመ ጅብ ይበላዋል። ከሄደ አንዱ ቤት ይደርሳል።»

«ተሳስቼ ብሄድስ?»

«የተሳሳትሽውን ድገሚው። ሁለተኛ ጊዜ ሲሰማ ያሰብሽበት ይመስላል።»

ይህ ምክር ከሁሉም ጠቀማት። ወሩ ሳያልቅ አንድ የተሳሳተ ድምፅ መታች፤ ደገመችው፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትመታው ገቢሳ ያንኑ ድምፅ ከእጇ ተቀበለና በጥሩምባው ይዞት ሄደ። ቀለሟ እየተጫወተች ሳቀች። አስተማሪዋ ብትሰማት በእርሳስ ሳይሆን በዱላ ትመታት ነበር።

ኦቦ ባቻ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይሰማል። አንድ ቅዳሜ መስኮቱን አንኳኩቶ በኦሮምኛ «ያ ገቢሳ!» ብሎ ጠራውና «እናንተ ሰዎች ትጣላላችሁ ወይስ ትታረቃላችሁ?» አለው።

«ሁለቱንም ነው፣ ኦቦ።»

«እህ! እንግዲያውስ የባልና ሚስት ነገር ነው» ብሎ ወደ በርጩማው ተመለሰ። ቀለሟ ፊቷ ጋለ፤ ገቢሳ ጥሩምባውን ሳያስፈልግ ይጠርግ ጀመር።

አባቷ ቄስ ነገራ የሚንሾካሾከውን መስማታቸው አልቀረም። የደረት ሕመም ያለባቸው፣ ሲናገሩ በየመሐሉ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ቁጣ የማያውቁ ሰው ናቸው። አንድ ማታ እራት ላይ ጠየቋት።

«ከኪነቱ ልጅ ጋር የምትጫወቱት ዘፈን ቃል አለው?»

«በእኛ ጨዋታ ቃል የለውም፣ አባዬ።»

አሰቡበት። «ቃል ከሌለው ምን ብዬ እከለክላለሁ?» አሉና እንጀራቸውን ቆረሱ።

ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለፈ። ከዚያ ሁሉ ቅዳሜ ቀለሟ ዕድሜዋን ሙሉ የምታስታውሰው የሰባ ሦስትን የግንቦት መጨረሻ ነው። ዝናቡ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ገቢሳ ድምፁ ወደ ሰፈር እንዳይወጣ ዘወትር በጥሩምባው አፍ ላይ ጣሳ እየደፋ ነበር የሚጫወተው። ዜማውን በቀጥታ አንድ ጊዜ አለው፤ በለሆሳስ፣ ለታመመ ሰው እንደሚያወሩት አድርጎ። ቀለሟ ከሥር ከሥሩ ሄደች። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ወደ ቆርቆሮው ቀና ብሎ አየና ጣሳውን አንስቶ ወለሉ ላይ ጣለው። በዚያ ዝናብ ማን ይሰማል?

ያን ጊዜ ጥሩምባው ተከፈተ። ገቢሳ ከዜማው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ድምፆች ብቻ ወስዶ ገለበጣቸው፣ ጎተታቸው፣ አንዱን ይዞ ትንፋሹ እስኪያልቅ ቆየበት። ቀለሟ ዝም ብላ ጠበቀችው። ትንፋሽ ሊወስድ ሲል እሷ ገባች፤ አንድ አጭር ነገር፣ «ከዚያስ?» እንደማለት። መለሰላት። ጠየቀችው። መለሰላት። ከዚያ ተራውን ለቀቀላትና ብቻዋን ሄደች። መጀመሪያ እየፈራች፣ ቀጥሎ እየሮጠች፣ ከልጅነቷ መዝሙሮች አንዱን በመሐል ጣል አድርጋ፣ የጽሕፈት መኪናውን ምት ከጣቷ አውጥታ፣ ልትነግረው አፏ ያልደፈረውን ሁሉ በቀኝ እጇ ነገረችው። ገቢሳ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ሲመለሱ ማንም ለማንም ምልክት አልሰጠም። ሁለቱም እኩል ወደ ዜማው ገቡ፤ የመጨረሻውን ድምፅ እኩል ያዙ፤ እኩል ለቀቁ። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

ገቢሳ ነው ቀድሞ የተናገረው።

«ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«አባቴ የኪነት ሰው እሺ ይላሉ ብለህ ነው?»

«እኔ የማገባው አባትሽን አይደለም።»

ቀለሟ እጇን ፒያኖው ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ገቢሳም የምን ልቅሶ እንደሆነ ስለገባው ሳቀ።

መስቀል ሳይደርስ ሐምሌ ደረሰ። አንድ ማክሰኞ ጧት ታጣቂዎች የሚሲዮኑን ግቢ ከበቡና ቤቶቹን አሸጉ። ቄስ ነገራን ከሌሎች አራት ሽማግሌዎች ጋር ይዘዋቸው ሄዱ። ቀለሟ መሥሪያ ቤት ሆና ሰማች። አባቷ ወዳሉበት ልትሮጥ ስትነሣ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ስሟን ጠራ።

የወሰዷት ዳገቱ ላይ ወዳለ ቢሮ ነው። መርማሪው እንደፈራችው ዓይነት ሰው አልነበረም። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ካኪ ልብሱ የተተኮሰ፣ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ፊቱ አንድ ደብተር ተዘርግቷል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚሲዮኑ ግቢ ጥሩምባ ይሰማል» አላት።

«ሙዚቃ ነው።»

«የማን ሙዚቃ?»

«የአሜሪካኖች። የድሮ ዘፈን ነው።»

«ሁልጊዜ አንድ ዘፈን?»

«አዎ፣ አንድ ነው።»

ደብተሩን ገለጠ። «እዚህ የተጻፈው ሌላ ነው። ጎረቤት ሆኖ የሚከታተል ሰው በየሳምንቱ ይለያያል ይላል። አንዳንዴ ይረዝማል፣ አንዳንዴ ያጥራል። ፒያኖው ይጠይቃል፣ ጥሩምባው ይመልሳል። አንድ ዘፈን ከሆነ ለምን በየሳምንቱ ይለዋወጣል?»

«ጨዋታው እንደዚያ ነው። አልተጻፈም። የመጣልንን ነው የምንጫወተው።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። «የመጣላችሁን። ማን ነው የሚልክላችሁ?»

ቀለሟ ይህን ነገር ለማስረዳት በዓለም ላይ ቃል ያለ አልመሰላትም።

«ጥሩምባውን የሚነፋው ማን ነው?» አለ ሰውየው። «ኪነቱ ሦስት ነፊ አለው። ሁለቱ ባለትዳር ናቸው፤ ሦስቱም እናት አላቸው። ሦስቱንም ከማመጣ አንዱን ብትነግሪኝ ይሻላል።» ቆየት ብሎም፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ «አባትሽ ሲሚንቶ ላይ ነው የተቀመጡት። ሲተነፍሱ እዚህ ድረስ ይሰማል። ጉዳዩ ከጥሩምባው ጋር እንጂ ከእሳቸው ጋር ካልሆነ እዚህ ምን ያቆያቸዋል?»

በእርግጥም ከግድግዳው ማዶ ሳል ይሰማ ነበር። የአባቷ ይሁን የሌላ ሰው፣ ዕድሜዋን ሙሉ አላወቀችም።

«ገቢሳ» አለች። «ገቢሳ ሞረዳ። ግን ምንም አላጠፋም።»

«እሱን እኛ እናያለን። ጸሐፊ ነሽ አሉ። ያውልሽ መኪናው፣ ራስሽ ጻፊው።»

ተቀምጣ ጻፈችው። የለመዱት ጣቶች ስሙን ከነአባቱ መቱት፣ አንድም ፊደል አልሳቱም። ከሥሩ ፈረመች።

አባቷ በስድስተኛው ቀን ተለቀቁ። ፂማቸው አድጎ፣ ትከሻቸው ጎብጦ መጡ። ሾርባ ሠርታ አቀረበችላቸው። ጥቂት ከጠጡ በኋላ «ያንን የጥሩምባውን ልጅ አመጡት» አሉ።

ቀለሟ ማንኪያውን ይዛ ቀረች።

«እኔ ስወጣ እሱ ሲገባ በሩ ላይ ተላለፍን። እጁ ታስሯል፤ ግን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።» ትንፋሽ እስኪያገኙ ቆዩ። «'አባቴ፣ ለቀለሟ ንገሩልኝ፤ የዚህን ሳምንት ቅዳሜ መምጣቴ አይቀናም፣ ብቻዋን ትለማመድ' አለኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሾርባውን አልነኩትም። እሷም ለምን እንደተውት አልጠየቀችም።

የገቢሳ እናት አዴ በቀለች በየአሥራ አምስት ቀኑ ከኡኬ በጭነት መኪና እየመጣች፣ ከቀለሟ ጋር ሆነው ወደ ወህኒ ቤቱ ስንቅ ያደርሳሉ። እስረኛ ማየት ክልክል ስለነበር ምግቡን በር ላይ ሰጥተው ባዶውን ዕቃ ተቀብለው ይመለሳሉ። ቀለሟ ብዙ ጊዜ የምታዘጋጀው ጭኮ ነው፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ስለሆነ ይቆያል፣ ያጠግባል። አዴ በቀለች መንገዱን ሙሉ እጇን ይዛ ትሄዳለች።

«ኢንተለ ኮ» ትላታለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። «የወለድኳት እንኳ እንደ አንቺ አትሆንልኝም። ያን ያሳሰረው ሰው ልጅ ወልዶ አይሳም።»

ቀለሟ «አሜን» ትላለች። ምን ትበል? በየመንገዱ ልትነግራት ትነሣለች፤ ዳገቱን ስንጨርስ እነግራታለሁ፣ ድልድዩን ስንሻገር እነግራታለሁ። ድልድዩንም ይሻገራሉ፣ መኪናውም ይመጣል፣ አሮጊቷም ስማት ትሳፈራለች። አራት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ፒያኖውን በጭነት መኪና ወደ ስብሰባ አዳራሹ ወስደውት ነበር። ሲያወርዱት ስለወደቀ አንዱ እግሩ ተሰብሮ በጡብ ደገፉት። የኪነቱ ኃላፊ ለበዓል እንድታጅብ ሲያዟት ታጅባለች። አንድ ጊዜ፣ ልምምድ አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ሸክላውን ጀመረችው። ዜማውን በሥርዓቱ አለችው። ገቢሳ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ግራ እጇ ቤቱን ይዞ ዞረ፣ እንደገና ዞረ፤ ማንም አልገባም። ክዳኑን ዘጋችና ወጣች። ከዚያ በኋላ ከታዘዘችው ሌላ አልነካችም።

ገቢሳ የተፈታው በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥር ወር ነው። ቀለሟ ከገበያ ሰው ሰማች። ያን ሳምንት ከሥራ ስትመጣ በር በሩን እያየች ሰነበተች። አልመጣም። በሁለተኛውም ሳምንት አልመጣም። በሦስተኛው ቅዳሜ ወደ ኡኬ ተሳፈረች።

ጓሮ ተቀምጦ በቆሎ ይፈለፍላል። ከስቷል፤ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ሲያያት ሊነሣ ሞከረና ተወው። «አካም ጅርታ፣ ቀለሟ» አለ፤ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ አየችው። የላይኛው የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ ከንፈሩ ላይ እስከ አፍንጫው የሚደርስ ጠባሳ አለ። ጥሩምባ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

«ወድቄ ነው» አለ፣ አፉን በመዳፉ ከለል አድርጎ። «ለእማም እንደዚያ ነው ያልኳት። አንቺም ወደቀ በይ።»

ከፊቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከክምሩ አንድ የበቆሎ ራስ አነሣችና መፈልፈል ጀመረች። እጇ ሥራ ካልያዘ መናገር እንደማትችል አውቃለች።

«እኔ ነኝ ስምህን የሰጠሁት፣ ገቢሳ።»

«አውቃለሁ።»

ፍሬው ከእጇ ተበተነ።

«ወረቀቱን አሳይተውኛል። ፊርማሽን አውቀዋለሁ፤ ጽሑፉም ያንቺ እንደሆነ ያስታውቃል፣ ስርዝ ድልዝ የለውም።»

«ታዲያ እያወቅህ እንዴት... በአባቴ በኩል እንዴት እንደዚያ ብለህ ላክህብኝ?»

«መልእክቱን የላክሁት በመጀመሪያው ቀን ነው» አለ ገቢሳ። «ወረቀቱን ያሳዩኝ በማግሥቱ።»

አንዲት ዶሮ መጥታ የተበተነውን ትለቅም ጀመር። ገቢሳ አላባረራትም።

«ጭኮሽን በልቻለሁ» ሲል ቀጠለ። «የመጀመሪያውን ቀን ለሌሎች ሰጠሁት። ኋላ ግን ራበኝና በላሁ። ውሸት አልነግርሽም፤ እየበላሁ የጠላሁሽ ቀን አለ። ጥላቻው ቢቀጥል ይሻለኝ ነበር፣ አልቀጠለም። አራት ዓመት ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። አባቴ በሕይወት ኖሮ ከግድግዳው ማዶ ቢያስል፣ እኔስ ስምሽን እሰጥ ነበር ወይ? አልሰጥም ማለት እፈልጋለሁ። ግን አላውቅም። ሳላውቅ ልፈርድብሽ አልችልም።»

«ይቅር በለኝ።»

«ብያለሁ። ለእግዚአብሔርም ነግሬዋለሁ።» በቆሎውን አስቀመጠ። «ግን ይቅር ማለትና አብሮ መኖር ሁለት ነገር ነው፣ ቀለሟ። እዚያ ውስጥ ሆኜ ሸክላውን በልቤ እጫወተው ነበር። ዜማውን እላለሁ፣ የእኔን ተራ እሄዳለሁ፤ ደህና ነው፣ እንዲያውም ከድሮው ይበልጥ። ያንቺ ተራ ሲደርስ ልሰማሽ እሞክራለሁ። የሚመጣልኝ የጽሕፈት መኪና ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሞከርኩት። ሌላ ነገር አልመጣም።»

ሁለቱም አጎንብሰው በቆሎ ፈለፈሉ። አዴ በቀለች ከጎረቤት ስትመለስ አየቻቸውና እልል አለች። ቀለሟን አቅፋ አገላብጣ ሳመቻት፤ ወደ ልጇ ዞራም «እህሳ! አራት ዓመት እጄን ይዛ የተንከራተተች ልጅ ናት። ሠርጉ መቼ ነው?» አለችው።

ገቢሳ ቀስ ብሎ ተነሣ። «እማ፣ መኪና ያመልጣታል» አለ።

መንገድ ዳር ድረስ ሸኛት። መኪናው ሲመጣ ዕቃዋን አቀበላት እንጂ እጇን አልያዘም።

በዓመቱ ገቢሳ ሲሬ ከተማ ውስጥ የአንድ መጋዘን ሚዛን ሠራተኛ ሆነ። እዚያው ሁለት ልጆች ያሏት፣ የሺአረግ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። ጥሩ ሴት ናት ይባላል። አዴ በቀለችም ወደ ሲሬ ገባች። እውነቱን ማን እንደነገራት አይታወቅም፤ ብቻ ነቀምቴ ገበያ ስትመጣ ቀለሟን ከሩቅ አየቻትና ሸማዋን ሳብ አድርጋ መንገድ ቀየረች። ቀለሟ አልፈረደችባትም። ያን ቀን ቤቷ ገብታ፣ ቢያንስ ከእንግዲህ «አሜን» ማለት ቀረልኝ አለች።

ቄስ ነገራ የሞቱት በሰማንያ አንድ የካቲት ላይ ነው። ደረታቸው ሌሊቱን ሲያፍናቸው አድሮ ጧት ላይ አረፉ። ምእመናኑ ግቢው ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ተበትነው የቆዩ ቢሆንም ለቀብሩ ከየሰፈሩ ወጡ፤ መንገዱ ጥቁር በጥቁር ሆነ። ቃሬዛውን በየተራ ከሚሸከሙት መካከል ቀለሟ አንድ ረጅም ሰው አየች። ከመቃብሩ እስኪደርሱ ትከሻውን አልለቀቀም። አፈሩ ሲመለስም አካፋ ተቀብሎ መለሰ።

ድንኳን ከገቡ በኋላ ሊሰናበት ወደ እሷ መጣ። ባርኔጣውን አውልቋል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አዴ ቀለሟ» አላት።

ቀለሟ መጀመሪያ ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ መሰላት። ከዚያ ለእሷ መሆኑ ገባት። «አዴ»ም «ያጽናዎት»ም ለቢሮ ኃላፊ፣ ለሽማግሌ፣ ለማያውቁት ሰው የሚሉት አክብሮት ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ኦቦ ገቢሳ። ከሲሬ ድረስ ደከሙ።»

«አባትዎ ባለፈው ዓመት ቤቴ መጥተው ነበር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነግረውዎታል?»

«አልነገሩኝም።»

«በዚያ ደረታቸው፣ በአውቶቡስ ተሳፍረው ብቻቸውን መጡ። 'ልጄ ስለ አንተ አንድም ቀን አልነገረችኝም፤ እኔ ግን በር ላይ የተላለፍን ዕለት ነው ያወቅሁት። የአንተ ትንፋሽ ተወስዶ ነው እኔ የተነፈስኩት' አሉኝ። ጉልበቴ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። ባለቤቴ ምሳ አቀረበች፤ አብረን በላን። ሲሄዱ 'ለቀለሟ አትንገራት፤ ማወቄን ካወቀች በእኔ ፊት መቀመጥ ይከብዳታል' አሉ። አሁን ግን ልታውቂው... ሊያውቁት ይገባል ብዬ ነው።»

የተሳሳተውን ቃል ሲያርም ፊቱ ቀላ። ቀለሟ እንዳልሰማች ሆነች። ሰባት ዓመት ከመንፈቅ፣ በየማታው አንድ ገበታ ላይ፣ አባቷ እያወቁ እሷም እየደበቀች እንጀራ ቆርሰዋል።

«የሺአረግን ሰላም ይበሉልኝ» አለች፤ ሌላ የምትለው አልመጣላትም።

«እሺ፣ እነግርልዎታለሁ። የሲሬ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ልሂድ።»

ባርኔጣውን አደረገ። ከድንኳኑ ወጥቶ፣ ለቀስተኛውን ጎንበስ ጎንበስ እያለ ሰላም ብሎ፣ ወደ አውቶቡሱ ማቆሚያ ቁልቁለቱን ወረደ። ቀለሟ ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ አየችው። ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት፤ ሄዳ በመካከላቸው ተቀመጠች። በቀብሩ ላይ ጠብ ያላለ እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፤ መጣና አልቆምም አለ። ሴቶቹ ለአባቷ መስሏቸው ጀርባዋን እየደባበሱ «አይዞሽ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰው ናቸው፣ ይብቃሽ» አሏት።